ለመጽሐፍ የተያዘ መላጊያ

ሰው መጽሐፍ ሲዋስ ምን እንደሚነካው አላውቅም። ድስት ተውሶ አጥቦ የሚመልስ ሰው፣ ጃንጥላ ተውሶ በማግስቱ ደጃችሁ ድረስ የሚያመጣ ሰው፣ መጽሐፍ ሲሆን ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስትጠይቁት "ገና አልጨረስኩትም" ነው መልሱ። ስድስት ዓመት ሙሉ! ስድስት ዓመት የሚነበብ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው? የጻፈው ሰው እንኳ ያን ያህል አልፈጀበትም።

ይህን የምላችሁ በንዴት ነው። ከንዴቱ ሥር ኀዘን አለ፤ እሱ ትንሽ ይቆየን።

ስሜ እታገኝ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ። ቶሮንቶ፣ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ ከአንድ ላውንደሪ ቤት ጀርባ ቁጭ ብዬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ። ይህ አገር ሱሪውን ሁሉ ለረጅም ሰው ነው የሚሰፋው፤ እግዜር ይስጠው፣ በእሱ ነው የኖርኩት። ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ደግሞ የእጅ ባለሙያዎች የንባብ ማኅበር መጽሐፍ ጠባቂ ነኝ። "ነኝ" ልበል ወይስ "ነበርኩ"? እናንተው መጨረሻ ላይ ትፈርዳላችሁ።

ማኅበሩን ያቋቋምነው ሰባት ሰዎች ነን። ሁላችንም በሱዳን በኩል የመጣን። አናጢ፣ መካኒክ፣ ጫማ ሠሪ፣ ወርቅ ሠሪ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ እና እኔ። ቤታችን ጀራርድ መንገድ ላይ፣ ከሪጀንት ፓርክ አፍንጫ ሥር፣ የአንድ ሱቅ ምድር ቤት ነበር። በሐዲድ የሚሄደው ስትሪትካር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ እንደነግጥ ነበር፤ በኋላ ካልተንቀጠቀጠ ነው መደንገጥ የጀመርነው።

ሐሳቡ የጋሽ ወርቁ ነው። አናጢው እሳቸው ናቸው። የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው፤ አባታቸው ማረሻ ይሠሩ ነበር። አገሬው ማረሻውን ይገዛል፣ ያርስበታል፣ ይበላበታል፣ የሠራውን ሰው ግን ቤቱ አያስገባም። ዓይኑ ይበላል ይባላላ! ጋሽ ወርቁ ትምህርት ቤት ሲገቡ አጠገባቸው የሚቀመጥ ልጅ ጠፍቶ አግዳሚውን ብቻቸውን ይዘውት ነበር። "ሰፊ ቦታ ነበረኝ፣ ክንዴን ዘርግቼ ነበር የምጽፈው" ይሉናል እየሳቁ። ሲስቁ ግን ዓይናቸውን አይቼው አላውቅም። ወደ መደርደሪያው ዞር ብለው ነው የሚስቁት።

ቶሮንቶ ስንመጣ የተማሩት የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ይቅናቸው። እኛን የሚጠሩን ወንበር ሲሰበርና መጋረጃ ሲያስፈልግ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ወርቁ ሄደው ቆንጆ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠሩላቸው። ሲጨርሱ አንዷን መጽሐፍ አንስተው መዋስ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ጸሐፊው፣ ክፉ ሰው እንኳ አልነበረም፣ "ለማን ነው የሚወስዷት?" አላቸው። ለራሳቸው ይሆናል ብሎ አላሰበም። ጋሽ ወርቁ መጽሐፏን መልሰው አስቀመጧት። በሳምንቱ እኛ ስድስታችንን ሰብስበው፣ "የራሳችን መደርደሪያ ይኖረናል" አሉን።

እንደዚህ ነው የተጀመረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ሂሳብና ንባብ እናስጠናለን፣ በበዓል ቀን ድራማ እናሳያለን፣ በአዘቦቱ ደግሞ መጽሐፍ እናውሳለን። በሩ ላይ እኔ ራሴ በክር የጠለፍኩት ጨርቅ ተሰቅሏል፦ "እጅ ሳይታጠብ መጽሐፍ አይነካም።" መካኒክና ጫማ ሠሪ ለሞላበት ቤት ሌላ ምን ይጻፋል?

አሁን ስለ መያዣው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በእሱ ላይ ነው። መጽሐፍ የሚዋስ ሰው የሥራ መሣሪያውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። መጽሐፉን ሲመልስ መሣሪያውን ይወስዳል። ጊዜው ሁለት ሳምንት ነው። መሣሪያውን የሰቀለ ሁሉ አባል ነው፤ ሌላ መመዘኛ የለም። ይህን ያወጡት ጋሽ ወርቁ ናቸው። የእጅ ባለሙያ ያለ መሣሪያው ቀኑን እንደማይገፋ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ያነባል፣ ቶሎ ይመልሳል። እውነታቸውን ነበር። ፀጉር አስተካካያችን መቀሱን ሰቅሎ የወሰደውን ወፍራም ልብ ወለድ በአንድ ቀን ተኩል ነው የጨረሰው። ደንበኞቹ ወንበር ላይ ተደርድረው፣ እሱ መሐላቸው ቁጭ ብሎ ያነባል። ከመካከላቸው አንዱ ቸኩሎ "ልጅቷ ታገባዋለች ወይስ አታገባውም?" ብሎ ጠይቆት ነበር አሉ፤ ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣውን ረስቶ።

ዝናችን ሲወጣ የተማሩትም መምጣት ጀመሩ። ዶክተር ካሣ የመጀመሪያው ናቸው። በአፈር ሳይንስ ዶክትሬት አላቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። ለመያዣ የወርቅ ቅብ ብዕራቸውን አወጡ። ጋሽ ወርቁ ብዕሩን አገላብጠው አዩና፣ በዚህ እንጀራ ይበሉበታል ወይ ብለው ጠየቋቸው። ዶክተሩ ዋሽተው አያውቁም፤ አልበላበትም አሉ። እንግዲያው መሣሪያ አይደለም ተባሉ። ቆመው ቆመው ወጡና ከታክሲያቸው ኋላ የመኪና ማንሻ ክሪካቸውን ይዘው ተመለሱ። የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ምስማሩ ሊነቀል ደርሶ ነበር።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ዶን ቫሊ አውራ ጎዳና ላይ ጎማቸው ፈነዳ። ስኮርታ አለ፣ ክሪክ የለም። ስልክ ካለበት በእግራቸው ሄደው ደወሉልኝ። እኔ ምን እላለሁ? መጽሐፉን ይመልሱና ይውሰዱ አልኳቸዋ! ደግነቱ መጽሐፉ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። መካኒካችን ደስታ ክሪኩን ይዞ ሄደ። በመንገድ ዳር ርክክብ ሊሆን ነው። ዶክተሩ ግን አሥር ገጽ ቀርቷቸዋል። ደስታ ጎማውን እስኪቀይር እሳቸው የመንገዱ መከለያ ብረት ላይ ቁጭ ብለው ጨረሷት። ዛሬ ድረስ ያችን መጨረሻ ያህል የጣመኝ ንባብ የለም ይላሉ።

ደስታን ካነሳሁ አይቀር። አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመው። አንድ ቀን ሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣና የስድስተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ተዋሰ። ለልጁ ለሰላም መስሎኝ ነበር፤ ያኔ አሥር ዓመቷ ነው። አይደለም፤ ለራሱ ነው። ልጅቷ ክፍልፋይ ልትጀምር ነው፤ ጠይቃው ሳያውቅ ሊቀር ፈርቷል። ለመያዣ የሰቀለው መፍቻ ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ የሚባለው ነው። አያችሁ፣ ደስታ ክፍልፋይን በእጁ ያውቀዋል። ዘጠኝ አሥራ ስድስተኛ ከግማሽ እንደሚበልጥ ብሎኑን ነክቶ ይነግራችኋል። ወረቀት ላይ ሲመጣ ነው የሚጠፋበት። እኔ ይህን በመንገር ፈንታ ምን አልኩት? እጅህን አልታጠብክም አልኩት። ጨርቁን እያሳየሁ። ታጥቤያለሁ፣ አልለቅ ብሎኝ ነው አለ።

ያን መጽሐፍ አልመለሰውም። ልቡ ድንገት ቆሞ ሞተ። ሚስቱን ለቅሶ ቤት መጽሐፍ አምጪ ልበላት? አንደበቴ እንዴት ብሎ! መፍቻው እዚያው ምስማሩ ላይ ቀረ፤ ዓመታት አለፉ።

ዓመታቱ ለሌላውም አልራሩም። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ወደ አልበርታ ሄደ፣ ልጆቹ አደጉና አማርኛውን እየሳቁ በእንግሊዝኛ መመለስ ጀመሩ። የቅዳሜው ትምህርት ተማሪ አጣ። የቀረነው አምስት ነን፦ ጋሽ ወርቁ፣ ዶክተር ካሣ፣ ጫማ ሠሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ እኔ። የሪጀንት ፓርክን ሕንፃዎች እያፈረሱ ሲሠሩ ተራው ወደ እኛ ደረሰ። ባለፈው መከር የሕንፃው ባለቤት ደብዳቤ ላከ። ቤቱ ይፈርሳል፤ እስከ በረዶው ክረምት መጨረሻ ልቀቁ።

ደብዳቤውን ያነበበችልን የደስታ ልጅ ሰላም ናት። እኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ያስጠናናት ሰላም ዛሬ ጠበቃ ሆናለች፤ በነፃ ነው የምትረዳን። አፈላልጋ አንድ ትልቅ ተቋም መጽሐፎቻችንን ሊወስድ ፈቃደኛ መሆኑን ነገረችን። ደስ አለን። ታዲያ ተቋሙ ከቆመ ማኅበር ጋር መነታረክ አይፈልግም፤ መጀመሪያ ማኅበሩ በሕግ መፍረስ አለበት። ሰላም ጋሽ ወርቁ በእጃቸው የጻፉትን ደንብ ገልጣ አንቀጽ አሥራ አንድ ላይ ስትደርስ ቆመች። "ማኅበሩ የአባል መሣሪያ በእጁ እያለ አይፈርስም" ይላል።

ሁላችንም ግድግዳውን አየን። ዘጠኝ መሣሪያ ተሰቅሏል።

እኔ እሠራዋለሁ አልኩ። ማን ጠየቀኝ? ማንም። ግን እንዲህ ያለ ሥራ ሲገኝ ደሜ ይሞቃል። ያልተመለሰ መጽሐፍ ለማስመለስ ሕጋዊ ምክንያት ስጡኝ እንጂ የቀረውን ለእኔ ተዉት። ጋሽ ወርቁ ወደ መደርደሪያው ዞረው ነበር። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አሁን እዚያው ሰፈር በአረጋውያን መኖሪያ ነው ያሉት። የደከማቸው መስሎኝ ወደ ቤት የሚያደርሳቸው ሰው ፈለግሁ።

ከዚያ በኋላ መሣሪያዎቹን በቦርሳ ተሸክሜ ከተማውን አዳረስኩት። የሟቹን የወርቅ ሠሪ ሚዛን ይዤ ኖርዝ ዮርክ ልጁ ቤት ሄድኩ። መጽሐፉን የት አገኘሁት መሰላችሁ? ኮምፒዩተሩ ከፍ እንዲልለት ከሥሩ አድርጎታል። ሳወጣው ኮምፒዩተሩ ወረደ፤ ልጁ ለአንገቱ እንደሚያመው ነገረኝ። እኔ ደግሞ ሚዛኑን ከሥሩ እንዲያደርግ ነገርኩት። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የጅረት መሞከሪያ አልበርታ፣ ካልጋሪ ላክሁለት፤ መጽሐፉን በፖስታ መልሶ ላከ፣ ውስጡ የሚስቱ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶውን መልሼ ስልክለት ስድስት ዓመት ሲፈልጋት እንደነበር ጽፎ አመሰገነኝ። ሚስቱን ሳይሆን ፎቶዋን ማለቱ ነው፤ እሷ እንኳ በተለያዩ ማግስት ነው አድራሻዋን የላከችለት።

እንዲህ እያልኩ ስምንቱን ላጠናቅቅ ተቃረብኩ። የደስታን መፍቻ ነበር የፈራሁት።

የደስታ ሚስት ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከእኔ ሕንፃ ትይዩ ነው የምትኖረው። እሷ ሥራ ላይ ነበረች፤ በሩን የከፈተችልኝ ሰላም ናት። ቁምሣጥን ውስጥ፣ ከአባቷ ሥራ ልብስ ሥር፣ መጽሐፉን አገኘችው። ከፈተችው። ክፍልፋይ የሚያስተምረው ገጽ ላይ ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ አለ። ግሪሱ ወረቀቱን ዘልቆ በሚቀጥለው ገጽ ላይም ወጥቷል። ከዳር በእርሳስ ተጽፏል፦ "ሰላም ከመጠየቋ በፊት።"

ልጅቷ አላለቀሰችም። መጽሐፉን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

"አንቲ፣ ይሄን ኪፕ ባደርገው?" አለችኝ።

እና እኔ፣ አርባ ዓመት ሕግ ስጠብቅ የኖርኩት እኔ፣ የማኅበሩ ንብረት ነው አልኳት። መፍቻውን ሰጠኋትና መጽሐፉን ተቀበልኩ። "ኦኬ" አለች። ክርክር የለም፣ ቅሬታ የለም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር። በሊፍቱ ስወርድ ቦርሳዬ ከመጣሁበት ይልቅ ከብዶኝ ነበር። ብረት ሰጥቼ ወረቀት ተቀብዬ እንዴት ይከብዳል? እኔም እሱን ነበር የማስበው።

በሳምንቱ ከተቋሙ ኢሜይል መጣ። ሰላም በስልክ አነበበችልኝ። መጽሐፎቹን መርምረዋል፤ አርባ ያህሉን ይወስዳሉ። ተቆልፎበት በሚቀመጥ ክፍል ውስጥ ይሆናሉ፤ ማንበብ የፈለገ ቀጠሮ ይይዛል። የቀሩትስ? የቀሩት ሪሳይክል ይሆናሉ። የሂሳብ መጽሐፉስ አልኳት። "ቴክስትቡክ አይወስዱም፣ አንቲ" አለችኝ።

ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ሰው ከምንም አርባ ይሻላል ብሎ ራሱን ያታልላል። የጀመርኩትን ካልጨረስኩ ምግብ የማይበላልኝ ሰው ነኝ። አንድ መሣሪያ ብቻ ቀርቷል፤ የጋሽ ወርቁ የእንጨት መላጊያ።

አዎ፣ እሳቸውም መጽሐፍ አላቸው። የልጆች የካርታ መጽሐፍ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ወስደው ድምፃቸውን አጥፍተዋል። መኖሪያቸው ሄጄ ሳንኳኳ በእግሬ ኮቴ አወቁኝ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የሚያየው የሕንፃ ማንሻ ክሬን ነው። መላጊያውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በአውራ ጣታቸው ስለቱን ዳሰሱት። ደንዝዟል አሉ።

ዓይናቸው አያይ፣ የካርታ መጽሐፍ ምን ያደርግላቸዋል? እንደዚህ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በጨዋ አማርኛ ነው እንጂ። ትራሱን አነሳሁ፤ ከሥሩ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ስከተው ነው የተናገሩት።

"እታገኝ፣ አንቀጽ አሥራ አንድን የጻፍኩት ለምን ይመስልሻል?"

የሰው መሣሪያ እንዳይጠፋ ነዋ አልኳቸው።

"አይደለም። ይህን ማኅበር አንድ ቀን ሊያፈርሱት እንደሚመጡ አውቅ ነበር። ከእኛ መካከል ሁልጊዜ አንድ መጽሐፍ የማይመልስ ሰነፍ አይጠፋም ብዬ ነው። ሁሉን አስቤ ነበር። አንቺን ግን አላሰብኩም።"

በቁጣ ቢናገሩት ምናለበት። እንደ ተራ ነገር ነው የነገሩኝ፤ የለካው እንጨት እንዳጠረበት ሰው። ተቀመጥኩ። አርባ ዓመት ሙሉ ማኅበሩን የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። በየቤቱ እየዞርኩ ምሰሶውን አንድ በአንድ የምነቅለው እኔ ነበርኩ ለካ። መጽሐፉን ልመልስልዎ አልኳቸው። እምቢ አሉ። መመለሱ በመዝገብ ከተጻፈ ተጽፏል፣ ደንብ ደንብ ነው አሉ። ቀድሜ መዝግቤዋለሁ ብለው ገምተው ነው፤ ያውቁኛላ። በሩ ላይ ስደርስ ስብሰባው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቅዳሜ ነው አልኳቸው።

ቅዳሜ በረዶው እየጣለ ነበር። ጋሽ ወርቁን ዶክተር ካሣ በታክሲያቸው አመጧቸው። ጉልበታቸው ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። ግድግዳው ባዶ ነው። መሣሪያዎቹ የነበሩበት ቦታ ቀለሙ ነጣ ብሎ የመቀስ፣ የሚዛን፣ የመፍቻ ቅርጽ ቀርቷል። ወደዚያ ላለማየት ብዬ ጨርቄን አየሁ። እጅ ሳይታጠብ መጽሐፍ አይነካም። ያን ጨርቅ ቀድጄ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰላም ሰነዱን ዘረጋች። የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ በማኅበሩ እጅ የአባል መሣሪያ አለ ወይስ የለም? መመለስ ያለብኝ እኔ ነኝ። "የለም" ልል አፌን ስከፍት ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አወጡ። ከመልሱ በፊት አንድ መጽሐፍ መዋስ እፈልጋለሁ አሉ።

ፀጉር አስተካካዩ፣ ደግ ሰው ነው፣ ጋሼ ዓይንዎ እኮ ብሎ ጀመረ። አላስጨረሱትም። መጽሐፍ የሚዋስ ሰው ማንበብ አለበት የሚል አንቀጽ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሰላም ደንቡን አገላበጠች። የለም። ጋዜጣውን ፈቱና መላጊያቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ስለቱ ተስሏል። ዓይናቸው ሳያይ እንዴት እንደሳሉት እግዜር ነው የሚያውቀው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ማዋስ ካቆምን ሁለት ወር ሆኖናል፤ እንቢ ማለት እችላለሁ። አርባ ዓመት "እንቢ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አፌ ለምዶታል። መዝገቡን ከሳጥን አወጣሁ። የትኛውን መጽሐፍ ልስጥዎ አልኳቸው።

"ወፍራሙን" አሉ። "በቶሎ የማያልቀውን።"

ከሁሉ የሚወፍረው ዶክተር ካሣ የሰጡን ስለ አፈር ዓይነቶች የሚያወራው ነው። ከተሰጠን ጀምሮ ማንም ተውሶት አያውቅም። ጻፍኩ። መላጊያውን ወስጄ የቀድሞ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ዞር ስል ሰላም ቆማለች። ማኅበሩን ልታፈርስ የመጣችው ጠበቃ ከቦርሳዋ የአባቷን መፍቻ አውጥታ መላጊያው በነበረበት ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። እኔም ልዋስ አለች። እና በሽታዬ አይለቀኝም አይደል፣ ይህ ያንቺ መሣሪያ አይደለም አልኳት። ጠበቃ በመፍቻ አይሠራም፤ ደንቡ እንጀራ የሚበላበትን ነው የሚለው።

"አንቲ" አለችኝ፣ "እኔ ያደግኩት በዚህ ነው። ሌላ ምን በልቼ ነው?"

መዝገቡ ላይ ምን እንደጻፍኩ አላስታውስም፤ በኋላ ሳየው መስመሩ ጠምሟል። የሂሳብ መጽሐፉን አመጣሁላት። ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም። ገጹን ከፍታ፣ አውራ ጣቷን በአባቷ አውራ ጣት ላይ አድርጋ፣ ስብሰባው እስኪያልቅ እንደዚያ ተቀመጠች። ቃለ ጉባኤው አጭር ነው፦ ማኅበሩ በደንቡ መሠረት ሊፈርስ አልቻለም።

ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር አማረ ብዬ ብዋሻችሁ እወድ ነበር። ቤቱ ፈርሷል። ተቋሙ በጨዋ ደብዳቤ ተሰናበተን። መጽሐፎቹ በዶክተር ካሣ ታክሲ ተመላልሰው አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ባለ አንድ መኝታ ቤቴ ገቡ፤ ሊፍቱ የተበላሸ ዕለት መሆኑን ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። መታጠቢያ ቤት ለመሄድ በልብ ወለዶቹ ዞሬ፣ በታሪኮቹ መካከል በጎን አልፋለሁ። ስትሪትካር ስለሌለ መደርደሪያው አይንቀጠቀጥም። እስካሁን ሊዋስ የመጣ የለም። አንዳንዴ ሊፍቱ ፎቄ ላይ ሲቆም ጆሮዬን እሰጣለሁ፤ የጎረቤት ነው።

ጋሽ ወርቁ ሁለት ሳምንታቸው ባለቀ ማግስት፣ ልማድ ነውና፣ ደወልኩላቸው። ቀኑ አልፏል አልኳቸው። "ገና አልጨረስኩትም" አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ በኋላ አብረን አልሳቅንም። በረዶው ሳይቀልጥ አረፉ።

አስከሬኑ ሲገነዝ የአፈሩን መጽሐፍ ከትራሳቸው ሥር አግኝቼ ደረታቸው ላይ፣ ከእጃቸው ሥር አኖርኩት። የማኅበሩን ንብረት። እኔ! ቄሱ ወፍራም ከመሆኑ የተነሳ ዳዊት መስሏቸው ተሳለሙት። እኔም አላረምኳቸውም። ያወቁት ዶክተር ካሣ ብቻ ናቸው። ከመቃብሩ ስንመለስ ታክሲው ውስጥ፣ ያ መጽሐፍ በመጨረሻ አንድ አንባቢ አገኘ አሉኝ፤ ያውም ከአፈሩ ጋር። ከዚያ መኪናውን መንገድ ዳር አቆሙና መሪው ላይ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ።

መላጊያው አሁን ከልብስ ስፌት መኪናዬ በላይ ነው የተሰቀለው፤ መፍቻው ከጎኑ አለ። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው። ማኅበሩ የሚፈርሰው ጋሽ ወርቁ መጽሐፉን መልሰው መላጊያቸውን ሲወስዱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መዝገቡን እከፍትና ከስማቸው ትይዩ "አልተመለሰም" ብዬ እጽፋለሁ።

እናንተም ከእኔ የተዋሳችሁት ካለ፣ እባካችሁ፣ አትቸኩሉ።